እምቦጭና የበጎ ፈቃድ ጉልበት፦ የጣና ሐይቅ ተሞክሮ ሲዳሰስ

እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም በጣና ሐይቅ መታየቱ ከታወቀበት ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ወዲህ ከአሥር ዓመት በላይ ያለፈ ቢሆንም፣ አረሙን ከውኃ በማውጣቱ ሥራ ቀዳሚው ኃይል አሁንም የአርሶ አደሩ እጅ ነው። መጤ ወራሪ ዝርያ የሚባለው ከተፈጥሮ መገኛው ርቆ፣ በዚያ ከሚገቱት ጠላቶች ተላቆ፣ ነባሩን ሕይወት እየገፋ የሚስፋፋ ፍጡር ሲሆን፣ የአማዞን ተፋሰስ ተወላጅ የሆነው እምቦጭም ጣና ከመድረሱ አስቀድሞ ቆቃንና አዋሽን ወርሯል። የአፋርን ግጦሽ የያዘው ፕሮሶፒስና ማሳ የሚያጠፋው ፓርተኒየም የዚሁ ወገን ናቸው።

የደንቢያ፣ የጎንደር ዙሪያ፣ የሊቦ ከምከምና የፎገራ ገበሬዎች ውኃ ውስጥ ቆመው አረሙን ከነሥሩ እየጎተቱ ያወጣሉ፤ ተማሪዎች ያግዛሉ፤ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ለማጨጃ ማሽን ገንዘብ አዋጥተዋል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው የአንድ ወር ዘመቻ የዚህ ርብርብ ዋና ማሳያ ነው።

አከራካሪው ጉዳይ ግን የጉልበቱ ብዛት ሳይሆን ጊዜው ነው። እምቦጭ ሲመቸው ከእናት ተክሉ በሚወጡ ቅጥያዎች በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ዘሩም በደለል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ ሳያብብ የተነቀለ ጥቂት፣ ዘር ከጣለ በኋላ ከተነቀለ ብዙ ይበልጣል፤ ዳር ላይ ተከምሮ ያልደረቀውንም የክረምት ሙላት መልሶ ወደ ሐይቁ ያስገባዋል። ክረምት ካለፈ በኋላ የሚታወጅ ዘመቻ ይህን ዕድል ያሳልፋል፣ ገበሬውንም ከመኸር አጨዳው ያናጥበዋል። ደቦ የጠራ ባለማሳ አብልቶና አጠጥቶ ነገ ብድሩን ይመልሳል፤ ለሐይቁ የዋለን ቀን ግን የሚመልስ ባለዕዳ የለም።

ማሽን ጥልቀት በሌለው ዳርቻ እንደልብ አይሠራም። ሥነ ሕይወታዊ ቁጥጥር፣ ማለትም አረሙን የሚበላ ጥንዚዛ መልቀቅ፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በቪክቶሪያ ሐይቅ ውጤት ቢያሳይም ጊዜ ይጠይቃል። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ በ1995 እ.ኤ.አ. በጀመረችው መርሐ ግብር ወራሪ ዕፅዋትን ለሚያስወግዱ ሥራ አጦች ደመወዝ ከፍላለች። ለጣናም የሚበጀው ይኸው መንገድ ነው፤ እያንዳንዱ ቀበሌ የራሱን ዳርቻ ዓመቱን ሙሉ በክፍያ ቢጠብቅና ከተፋሰሱ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ ቢገታ፣ በጎ ፈቃደኛው በየዓመቱ ያንኑ አረም ከመንቀል ይድናል።