ከጋዋኑ በኋላ ወኔ የት ይሄዳል?

ሐምሌ ላይ ጋዋን ለብሶ፣ አበባ ታቅፎ ፎቶ የተነሣው ልጅ መስከረም ላይ እናቱ ቤት ነው። በምሥራቅ ጎጃም፣ ከአማኑኤል እስከ ቢቸናና ሞጣ፣ ይህን ልጅ የማያውቅ ሰፈር የለም። መጀመሪያ ይሯሯጣል። የጊዜያዊ ዲግሪውን (የቴምፖውን) ኮፒ በፕላስቲክ ክላሰር ይዞ ከሰሌዳ ሰሌዳ ይዞራል፤ «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ሲያይ ይቸኩላል። ዓመት ሲያልፍ ግን ማስታወቂያው እጁ ድረስ ቢመጣለትም አያነበውም። አራት ሰዓት ላይ ይነሣል፣ ስልኩን ሲነካካ ይረፍዳል፣ ከሰዓት በኋላ ፑል ቤት ይወጣል። «አንተ ልጅ፣ ዛሬም ሥራ አልያዝህም?» የሚሉትን ጎረቤት ላለማግኘት በጓሮ ይዞራል።

ቤተሰብ «ሰነፈ» ይላል። ይህ ፍርድ ልክ አለመሆኑን ከ90 ዓመት በፊት የተሠራ አንድ ጥናት አሳይቷል።

በቪየና አቅራቢያ 1,500 ያህል ነዋሪ ያላት ማሪየንታል የተባለች መንደር ነበረች። ኑሮዋ የቆመበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲዘጋ ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል የሰዉን ውሎ መዘገቡ፤ ሥራቸውንም እ.ኤ.አ. በ1933 አሳተሙ። ጊዜ የተረፈው ሰው ብዙ ያነባል ተብሎ ይገመት ይሆናል። የመንደሯ ቤተ መጻሕፍት ክፍያውን ጭምር አንሥቶ ሳለ የሚዋሱት መጻሕፍት ቁጥር በሁለት ዓመት ውስጥ በግማሽ ወረደ። አጥኚዎቹ ሰዓት ይዘው ዋናውን መንገድ ሲከታተሉም ከሦስት ወንዶች ሁለቱ መንገዱን ሳይጨርሱ ቢያንስ ሁለቴ ይቆሙ ነበር። ሴቶቹ እቤት የሚጠብቃቸው ሥራ ስላለ ብዙም አይቆሙም ነበር።

ያሆዳ ኋላ እንዳብራራችው ሥራ ከደመወዙ ሌላ አምስት ነገር ይሰጣል፦ ለቀን ቅርጽ፣ ከቤት ውጭ ወዳጅ፣ የጋራ ዓላማ፣ በሰው ፊት ቦታ፣ የግዴታ እንቅስቃሴ። እዚህ ላይ ስለ ግቢ ሕይወት ማሰብ ነው። ዩኒቨርሲቲ አምስቱንም ይሰጣል፤ የካፌው ቁርስ የሚያልቅበት ሰዓት እንኳ ሰውን ከአልጋ ያነሣል። በምረቃ ዕለት አምስቱም በአንድ ቀን ይወሰዳሉ። ገበሬው ወንድሙ በሚካኤል፣ በማርያም ሞፈር አይነካም፤ ዕረፍቱ የሚጥመው በማግስቱ ስለሚያርስ ነው። ለተመራቂው ግን ሠላሳውም ቀን ግዝት ነው።

አንጎል ውስጥስ ምን ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ1967 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር አንድ ሙከራ አሳተሙ። ምንም ቢያደርጉ የማያስቆሙት የኤሌክትሪክ ንዝረት የደረሰባቸው ውሾች፣ በኋላ አጥሩን ዘለው ማምለጥ በሚችሉበት ቦታ ብዙዎቹ ተኝተው ቀሩ። ለዓመታት የተሰጠው ትርጓሜ «ምንም አልችልም ማለትን ተማሩ» የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 እነዚሁ ሁለት ሰዎች የራሳቸውን ትርጓሜ ገለበጡት፤ ብዙ ተመራማሪ የማይደፍረው ነገር ነው። መከራ ሲረዝም መፍዘዝ ትምህርት ሳይሆን ከአንጎል ግንድ የሚነሣ የተፈጥሮ ምላሽ ነው አሉ። የሚማሩት ተቃራኒውን ነው። የፊተኛው የአንጎል ክፍል «እኔ ባደረግሁት ነገር ውጤቱ ተለወጠ» የሚል ማስረጃ ሲያገኝ ያንን መፍዘዝ ያፍነዋል። ስለዚህ የተቀመጠው ልጅ ወኔው አልሞተም፤ ማስረጃ አጣ።

ዶፓሚን የተባለው የአንጎል ኬሚካልም «የደስታ ቅመም» እየተባለ ስሙ ተበላሽቷል። በተመራማሪው ጆን ሳላሞን ሙከራዎች ላይ ዶፓሚን የተቀነሰባቸው አይጦች የሚወዱትን ምግብ አልጠሉትም፤ ማንሻ ደጋግመው ተጭነው ከሚያገኙት ይልቅ ያለ ልፋት የቀረበላቸውን ተራ ምግብ መረጡ እንጂ። የጎደለው ለመልፋት የሚያነሣሣው ነገር ነው። አልጋ ላይ ተጋድሞ ቲክቶክ ማየት ምንም ልፋት አይጠይቅም።

የእኛ ልጅ ማስረጃ ያጣው ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። በደርግ ዘመን ተመራቂን መንግሥት ሥራ ላይ ይመድበው ነበር። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ45 በላይ ናቸው፤ ምደባው ግን የለም። በ2015 ዓ.ም. በተሰጠው የመውጫ ፈተና ያለፉት ከተፈተኑት 40 በመቶ ያህሉ ነበሩ። በዚያው ክረምት በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ከሞጣ ተነሥቶ ዓባይ በረሃን ተሻግሮ አዲስ አበባ ለፈተና መድረስ ራሱ በዕድል ሆነ። ልፋትና ውጤት እውነትም በተለያዩበት ቦታ የልጁ አንጎል የሠራው ስሌት ትክክል ነው። «ሥራ ፈጣሪ ሁኑ» የሚለው የስብሰባ ንግግር ይህንን ስሌት አይነካውም።

ይሉኝታም አለ። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዳንኤል ሜይንስ ጅማ ላይ ሥራ አጥ ወጣቶችን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2012 መጽሐፍ አወጣ። በሰፈራቸው ዝቅ ያለ የሚባል ሥራ ለመሥራት የሚያፍሩ ወጣቶች፣ የሚያውቃቸው ሰው በሌለበት አገር ያንኑ ሥራ ለመሥራት ዝግጁ ነበሩ።

ታዲያ ምን ይሠራል? አዲስ አበባ ላይ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን በዕጣ ከፍለው ለአንዱ ቡድን ማስታወቂያ ሰሌዳዎቹ ወዳሉበት መሐል ከተማ የሚያደርስ የትራንስፖርት ገንዘብ ሰጡ። ለሌላው በንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በኩል የማመልከቻ ሥልጠናና የችሎታ ምስክር ወረቀት አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ውጤት መሠረት የትራንስፖርቱ ጥቅም በጊዜ ደበዘዘ፤ ሥልጠናውን የወሰዱት ግን ከአራት ዓመት በኋላ ገቢያቸው 20 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ። ችሎታው ድሮም ነበራቸው፤ የጎደለው ለቀጣሪ የሚያሳዩበት ወረቀት ነበር።

ለራሱ ለተመራቂው የሚጠቅመው፣ ለድባቴ ሕክምናም የሚሠራበት መንገድ፣ ወኔ እስኪመጣ አለመጠበቅ ነው። በቋሚ ሰዓት ተነሥቶ ውጤቱ በዚያው ቀን የሚታይ ሥራ መያዝ፦ የታናሽ እህትን ሒሳብ ማስጠናት፣ የአባትን ጤፍ ማረም። እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ምንም ነገር ደስ ማሰኘቱን ካቆመና ይህ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም ሞት ከተመኘ ግን ጉዳዩ የሐኪም ነው፤ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ይሂድ።

ወላጆችም ሆይ፣ «ሥራ ያዝህ?» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ተዉት። የፎቶ ኮፒውንና የመኪናውን ገንዘብ ስጡት።