ሦስት ኢንች ሲጨመር ከፋዩ ማነው?

ዴንቨርና ኦሮራ አካባቢ የምትኖሩ ወዳጆቼ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሰፈራችሁን አንዴ ዞር ብላችሁ እዩ። ከተሠሩበት ቁመት በላይ የተነሱ ፒካፖች ደጅ ላይ ቆመው ታያላችሁ። ከእነዚህ ውስጥ ታኮማ የሚሏት ቶዮታ ብዙ ናት። የእኛ ሰው ታኮማን ሲያይ ሃይሉክስ ትዝ ይለዋል፤ ዝምድናውም እውነት ነው። ቶዮታ በፈረንጆቹ 1995 አሜሪካ ውስጥ ሃይሉክስን አስቀርቶ በቦታው የተካው ታኮማን ነው። እንግዲህ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዘመዳችን ነው ማለት ይቻላል።

ጥያቄው ይህ ነው። ከፍ የተደረገች ፒካፕ ከጊዜ በኋላ ፊቷ መንቀጥቀጥ፣ መሪዋ ወዲያና ወዲህ ማለት፣ ጉድጓድ ስታልፍ ቋ ማለት ስትጀምር፣ እግሯን ቤት ውስጥ ራሳችን መቀየር እንችላለን? እንችላለን! ብሎን መፍታትና ማሰር ትዕግሥትና ጥሩ መፍቻ ያለው ሰው ሁሉ ይወጣዋል። ብዙ ሰው የሚዘለው ሌላ ነገር ነው፤ ዕቃው ለምን እንዳለቀ መጠየቅ። ከፍ ባለች መኪና ላይ ብዙ ዕቃ የሚያልቀው አንድ ማዕዘን ስለተቀየረበት ነው። ማዕዘኑን ሳያዩ ዕቃውን ብቻ መቀየር አዲሱንም ለዚያው ዕጣ መስጠት ነው።

ከ2005 እስከ 2015 የተሠራችውን ታኮማ እንያዝ፤ ፎር ባይ ፎሯን። ፊት ለፊት እያንዳንዱ ጎማ በሁለት ክንዶች ተይዟል፤ አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች። ሞላውና አሞርዛተሩ አንድ ላይ ተገጣጥመው ከታችኛው ክንድ ላይ ይቆማሉ። አሁን በጣም የምወደው ክፍል መጣ። አሞርዛተሩ የሚቆመው ጎማው ጋ አይደለም፤ ክንዱ ከሻንሲው ጋር ከሚታጠፍበት ቦታና ከጎማው መሃል ገደማ ነው። ስለዚህ ጎማው ሁለት ኢንች ሲወርድ አሞርዛተሩ የሚዘረጋው ከአንድ ኢንች እምብዛም አይበልጥም። ይህን የተረዱ ሰዎች ስፔሰር የሚባል አንድ ኢንች ተኩል ገደማ ውፍረት ያለው ብረት ከአሞርዛተሩ አናት ላይ ያስገቡና መኪናዋን ወደ ሦስት ኢንች ያነሷታል። ርካሽ ነው፤ በግማሽ ቀን ያልቃል፤ ሞላውን መንካትም አያስፈልግም።

ሂሳቡ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ክንዶቹ ቀድሞ ከመሬቱ ጋር ትይዩ ሆነው ይተኙ ነበር፤ አሁን ወደታች ተንጋደዋል። ከላይኛው ክንድ ጫፍ ያለው ቦል ጆይንት መሃል ላይ ሆኖ ይሠራ የነበረው አሁን ሁልጊዜ ዳር ላይ ነው። ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው የሚሄደው አክሰልም እንዲሁ ታጥፏል፤ እጥፋቱ ላይ ያለው የጎማ ሽፋን ሽንሽኑ እርስ በርሱ እየተፋተገ ይቀደዳል፤ ግራሶው ተበትኖ ከቸርኬው ውስጠኛ ክፍል ላይ ይለጠፋል። መሪውም ሳይቀር ይነካል። የላይኛውንና የታችኛውን ቦል ጆይንት የሚያገናኝ መስመር በሐሳባችሁ ብትስሉ፣ ከጎን ሲታይ አናቱ ወደኋላ ያዘነበለ ነው። ካስተር የሚሉት ይህንን ነው። መሪውን ስትለቁት ወደ መሃል የሚመልሰው፣ በፍጥነት ስትነዱም ፊቷን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው እሱ ነው። መኪናዋ ስትነሳ ዝንባሌው ይቀንሳል፤ አይ-70 ላይ ነፋስ ሲመታት የምትንሳፈፍ የሚመስላችሁ በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ዕቃ ስትገዙ ይህን አስቡ። ሽያጭ ላይ ካሉት የላይኛ ክንዶች ለተነሳች መኪና ተብለው የተሠሩት ቦል ጆይንታቸው ትንሽ ወደኋላ የተቀመጠና ለአዲሱ ማዕዘን የተዘጋጀ ነው፤ የጠፋውን ካስተር ይመልሳሉ። ስፔሰሩን አውጥቶ በቁመቱ ልክ የተሠራ አሞርዛተርና ሞላ ማስገባት ደግሞ ከሁሉ የተሻለ ነው። ስፔሰር አሞርዛተሩን እንዳለ ወደታች ስለሚገፋው፣ ጎማው አየር ላይ ሲንጠለጠል ክንዱ ፋብሪካው ካሰበው በታች ይወርዳል። የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ ገንዘብ እስኪሞላ ጠብቃችሁ ሁለቱንም በአንድ ቀን ቀይሩ፤ ለሁለቱም የሚፈታው አብዛኛው ያው ነው።

አንድ ነገር ግን ቤት ውስጥ አትሞክሩ፤ ሞላውን ከአሞርዛተሩ መለየት። ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ለእያንዳንዱ ኢንች መታመቅ 600 ፓውንድ የሚጠይቅ ሞላ አራት ኢንች ቢታመቅ 2,400 ፓውንድ ይገፋል፤ ከ1,000 ኪሎ በላይ ማለት ነው። ውስጡ ያጠራቀመው ጉልበት አንድ ኩንታል ጤፍ ከግማሽ ሜትር በላይ ከፍታ ሲወድቅ ካለው ጋር ይተካከላል፤ ልዩነቱ ጤፉ ሲወድቅ ይታያል፣ ይህ ግን በዓይን ጥቅሻ ይወጣል። በኪራይ የሚገኙት ሁለት ቀጫጭን የሞላ ማመቂያዎች ሲንሸራተቱ ፊታችሁ እዚያው አጠገብ ነው። ተገጣጥሞ የሚመጣውን ግዙ፤ አለበለዚያ ሞላና አሞርዛተራችሁን ይዛችሁ ጋራዥ ሂዱና ግድግዳ ላይ በተተከለው የሞላ ማመቂያ ማሽናቸው ያስገቡላችሁ።

አሁን ወደ ሥራው። ሲሚንቶ ላይ ቁሙ፤ አስፋልት ፀሐይ ሲመታው ይለሰልስና የብረት ድጋፉ ይሰምጣል። የኋላ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በጉማጅ አስደግፉ። ከፍ ካለች መኪና ጋር የሚመጣ ችግር አለ፤ ተራው ክሪክ አይደርስባትም። ሰው ታዲያ ክሪኩን ጣውላ ላይ ያቆማል፣ ጣውላውን ሌላ ጣውላ ላይ። ይህን አታድርጉ፤ ረጅም ክሪክና ባለ ስድስት ቶን ድጋፍ ተበደሩ። ድጋፎቹ ሻንሲው ሥር ይቁሙ፤ ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ ማቆያ አይደለም፤ ዘይቱ ካፈሰሰ ባንዴ ሊወርድ ይችላል።

የኮሎራዶ መንገዶች በበረዶ ወቅት ማግኒዥየም ክሎራይድ ይረጭባቸዋል፤ ብሎን ላይ ምን እንደሚያደርግ ሥራውን ስትጀምሩ ታዩታላችሁ። ዝገት ውስጥ ሰርጎ የሚያላቅቀውን ዘይት ከዋዜማው ማታ ርጩት፤ ጠዋትም ድገሙት። በታችኛው ክንድ ሥር ያሉት፣ ጎማ ለማስተካከል የሚዞሩት ብሎኖች በተለይ ከውስጣቸው ቀለበት ጋር ተጣብቀው ይቀራሉ። በመዶሻ ከማስፈራራታችሁ በፊት ይዞሩ እንደሆነ ፈትኗቸው፤ ካልዞሩ፣ ዊል አላይመንት የሚሠራው ሰው ማስተካከል አይችልም፤ ያኔ በመጋዝ ተቆርጠው አዲስ ይገባል። ይህን ከመጀመራችሁ በፊት ማወቅ እሑድ ማታ ከማወቅ ይሻላል።

ጎማው ከወጣ በኋላ መጀመሪያ የስታብላይዘር ባሩን ማያያዣ ፍቱ፤ በሁለቱም ወገን። ባሩ ግራና ቀኝ ጎማን ስለሚያገናኝ በአንድ ወገን ብቻ ከፈታችሁት በሌላው ጎማ ተወጥሮ ይገፋችኋል። ቀጥሎ የላይኛው ቦል ጆይንት። ዳዶውን ሙሉ በሙሉ አታውጡት፤ ሁለት ሦስት ጥርስ ይዞ ይቆይ። ከዚያ የጆይንቱ ሾጣጣ ዘንግ የገባበትን ብረት ከጎኑ በመዶሻ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱት፤ ዘንጉን ራሱን ሳይሆን ብረቱን። ብረቱ ለቅጽበት ቅርጹን ይለቅና ዘንጉ ጧ ብሎ ይላቀቃል፤ ዳዶውም ይዞት ይቀራል። ሹካ የሚመስለውን ማስለቀቂያ ሰው ይወደዋል፤ እኔ የምጠቀምበት ለሚጣል ዕቃ ብቻ ነው፣ የጎማ ሽፋኑን ይቀደዋልና።

ክንዱ ሲለቅ ጎማው የሚታሰርበት ከባድ ብረት ወደ ውጭ ይንጋደዳል። ፍሬኑ በቧንቧው እንዳይንጠለጠል፣ የፍጥነት ዳሳሹ ገመድ እንዳይወጠር፣ አክሰሉም ከመገጣጠሚያው እንዳይመዘዝ በሽቦ ወደ ላይ እሰሩት። አሞርዛተሩ ከላይ በሦስት ዳዶ፣ ከታች በአንድ ብሎን ነው የተያዘው፤ እሱ ከወጣ ሥራው ተጋመሰ። የላይኛው ክንድ ግን የራሱ ተንኮል አለው። የሚይዘው አንድ ረጅም ብሎን ነው፤ በአንዱ ጎሚኒ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ ሊወጣ ሲል ከፓራፋንጎው ውስጠኛ ቆርቆሮ ጋር ይጋጫል። የቆርቆሮውን ከንፈር በፒንሳ ትንሽ አጠፍ አድርጉት፤ ብሎኑ ሲመለስም ያው መንገድ ያስፈልገዋል።

አሁን ብዙ ባለሙያ ነኝ ባይ የሚያልፈው ነገር። ጎሚኒ ምን እንደሚሠራ እስቲ እንየው። ከውጭ የብረት ቀለበት፣ ከውስጥ የብረት ቱቦ፣ በመሃል ከሁለቱም ጋር የተጣበቀ ጎማ። ብሎኑን ስታጠብቁ የውስጡ ቱቦ ከሻንሲው ጋር ተቆላልፎ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ክንዱ ሲወጣና ሲወርድ የሚንሸራተት ነገር የለም፤ ጎማው ራሱ ይጠማዘዛል፣ ይመለሳል። እንግዲህ መኪናዋ ድጋፍ ላይ ሆና፣ ክንዱ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑን ብታጠብቁት ምን ይሆናል? ጎሚኒው «ዕረፍቴ ይህ ነው» ብሎ ይቀበላል። መኪናዋ መሬት ስትነካ ክንዱ ይነሳል፤ ጎሚኒው ያን ጊዜ ተጠማዝዟል፤ ቆማ እንኳ ተጠማዝዟል። በላዩ ላይ የመንገዱ ጉድጓድ ሲጨመር ከዕድሜው በፊት ይቀደዳል። «አዲስ አስገባሁ፣ ዓመትም አልቆየ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው፤ ዕቃውን የሠራው ኩባንያ ግን ይወቀሳል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የክንዱን ብሎን በእጅ አስገብታችሁ፣ ላላ ብሎ እንዳለ ተዉት። ጎማውን ግጠሙ፣ መኪናዋን አውርዱ፣ ፊቷን ተጫንና ለቀቅ እያደረጋችሁ ትንሽ አወዛውዟት፤ ጥቂት ሜትር ወደፊትና ወደኋላ ንዷት። ቦታዋን ስትይዝ ከሥር ገብታችሁ መመሪያ መጽሐፉ በሚለው ልክ በቶርክ ሬንች አጥብቁ። ከፍ ያለች መኪና ጥቅሟ እዚህ ላይ ነው፤ ጎማውና ፓራፋንጎው መሃል እጅና ቁልፍ የሚያስገባ ክፍተት አላት! ክንዳችሁ በጎማ ፈንታ ግራሶ የሚገባበትና የሚሽከረከር መገጣጠሚያ ካለው ይህ ደንብ እምብዛም አያስጨንቅም፤ የገዛችሁት የትኛው እንደሆነ እዩ። የጎማው ዳዶዎች ልክ ለዚች መኪና 83 ፓውንድ-ፉት ነው፤ በኮከብ ቅርጽ እየተዘዋወራችሁ አጥብቋቸው።

ከኋላ ታሪኩ አጭር ነው። አገር ቤት የአይሱዙ ሹፌር ባሌስትራ የሚያስጨምረው ለጭነት ነው፤ እዚህ ለቁመት ያስጨምራሉ። ውጤቱ ያው ነው፤ ባዶዋን ስትሄድ ትዘላለች። ቁመትም ልስላሴም ከፈለጋችሁ ሙሉ አዲስ ባሌስትራ ግዙ። የቆየውን ስታወጡ ደግሞ ተሰንጥቆ እንደሆነ ተመልከቱ፤ ቶዮታ በ2014 ከ2005 እስከ 2011 የተሠሩ ወደ 690,000 ታኮማዎችን ለጥገና የጠራው በዚሁ ምክንያት ነበር፤ የተሰበረው የባሌስትራ ቅጠል ከቦታው ወጥቶ የነዳጅ ጋኑን ሊነካ ስለሚችል። ባሌስትራውን ከአክሰሉ ጋር የሚያስሩት ዩ ቦልቶች ሲጠብቁ ስለሚለጠጡ አሮጌዎቹን መልሳችሁ አትጠቀሙ። ጥቂት መቶ ማይል ከነዳችሁ በኋላም ዳዶዎቻቸውን እንደገና ፈትሹ። ከቆመችበት ስትነሳ ከሥር መንዘፍዘፍ ከጀመረች፣ ወደ ኋላ ኃይል የሚያስተላልፈው ባለ ሁለት ቁራጭ ዘንግ መሃል ላይ ታጥፏል ማለት ነው፤ መሃሉን የሚይዘውን ኩሽኔታ በትንሽ ስፔሰር ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

ሥራው ሲያልቅ በቀጥታ ወደ ዊል አላይመንት ሂዱ፤ ስትሄዱም በዝግታ፤ የፊት ጎማዎቹ አቅጣጫ ተበላሽቷልና። ሠራተኛው «አረንጓዴ ላይ ነው» ቢላችሁ አትርኩ፤ የታተመውን ወረቀት ጠይቁ። ግራና ቀኙ ካስተር ተቀራራቢ መሆኑን፣ ከመሥራታችሁ በፊት ከነበረውም መጨመሩን አንብቡ። ለአዲሱ ክንድ የከፈላችሁት ለዚያ ቁጥር ነው።

አንድ ነገር ቀረ፤ መብራት። ፊቷ ሲነሳ መብራቷም ተነስቷል፤ ከፊት የሚመጣው ሹፌር ዓይን ላይ ነው የምታበራው። ማታ ደልዳላ ቦታ ላይ ከግድግዳ 25 ጫማ ርቃችሁ አቁሟት። የመብራቷን መሃል ከመሬት ለክታችሁ ያንኑ ቁመት ግድግዳው ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉበት፤ አጭር መብራት ስታበሩ የብርሃኑ የላይኛ ጠርዝ ከምልክቱ ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። ማስተካከያው ኮፈኑን ስትከፍቱ ከመብራቱ ጀርባ ነው፤ በካቻቢቴ ይዞራል።