ከከረጢቱ በፊት የሚቀድም ምርመራ፦ የደም ለጋሾች የቫይረስ ምርመራ በደብረ ታቦር

በደብረ ታቦር ደም ባንክ ከለጋሾች የሚሰበሰብ ደም፣ እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ ደም ባንኮች ሁሉ፣ ለታማሚ ከመሰጠቱ በፊት ለአራት ተላላፊ በሽታዎች ይመረመራል፤ ከእነዚህም ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሄፓታይተስ ሲ በቫይረስ የሚመጡ ሲሆኑ አራተኛው፣ ቂጥኝ፣ የባክቴሪያ በሽታ ነው። በኢትዮጵያ የደም አገልግሎትን እ.ኤ.አ. በ1969 የጀመረው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሲሆን፣ ኃላፊነቱ በ2012 ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከተዛወረ ወዲህ የታማሚ ቤተሰብ በምትክ የሚሰጠውን ደም በበጎ ፈቃደኞች ደም የመለወጡ ሥራ ተጠናክሯል። ዘመዱ ታሞበት ደም እንዲያመጣ የተነገረው ሰው ስለ ጤናው የሚጠየቀውን ሳይሸሽግ ለመመለስ ስለሚቸገር፣ ይህ ለውጥ ራሱ የምርመራው አካል ተደርጎ ሊቆጠር ይገባዋል።

ኤላይዛ የሚባለው የምርመራ ዘዴ የሚሠራው 96 ትንንሽ ጉድጓዶች ባሉት የፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ ነው። ለሄፓታይተስ ቢ የሚያገለግለው ሰሌዳ ጉድጓዶቹ የቫይረሱን የላይኛ ሽፋን ፕሮቲን አጥምዶ በሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም ሰውነት ወራሪን ለመከላከል በሚያመርተው ዓይነት ፕሮቲን፣ አስቀድመው ስለተለበጡ፣ የለጋሹ ሴረም (ደሙ ከረጋ በኋላ የሚለየው ፈሳሽ) ሲጨመር የቫይረሱ ፕሮቲን ካለ እዚያው ተይዞ ይቀራል። ቀጥሎ ኢንዛይም የተያያዘበት ሌላ ፀረ እንግዳ አካል ይገባል፤ ያልተያዘው ሁሉ በተደጋጋሚ ታጥቦ ከወጣ በኋላ ቀለም የሚያመጣው ፈሳሽ ሲጨመር ቫይረሱ ያለበት ጉድጓድ ሰማያዊ ይሆናል፣ ማቆሚያው አሲድ ሲገባ ደግሞ ወደ ቢጫ ይለወጣል፣ የቢጫውንም ድምቀት መሣሪያ በብርሃን ለክቶ በቁጥር ያወጣል። ከሂደቱ ሁሉ ተራ ሥራ የሚመስለው እጥበቱ ነው፤ ይሁን እንጂ በቅጡ ያልታጠበ ጉድጓድ ጤነኛውን ለጋሽ ታማሚ ሊያስመስለው ይችላል። በሄፓታይተስ ሲ ግን አቅጣጫው ይገለበጣል፤ ጉድጓዱ በቫይረሱ ፕሮቲኖች ተለብጦ የሚፈለገው የለጋሹ ፀረ እንግዳ አካል ይሆናል።

ችግሩ ያለው ሰውነት ይህን ፀረ እንግዳ አካል ለማምረት ጊዜ የሚወስድበት መሆኑ ላይ ነው። ቫይረሱ በደም ውስጥ እያለ ምርመራው የማያየው ይህ ክፍተት የመስኮት ጊዜ ይባላል፤ በፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ለኤችአይቪ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆን ለሄፓታይተስ ሲ ወደ ሁለት ወር ይጠጋል። የቫይረሱን ዘረመል በቀጥታ የሚፈልጉ ምርመራዎች ክፍተቱን በእጅጉ ያጠብቡታል እንጂ ፈጽሞ አይዘጉትም። ስለዚህም ከመርፌው በፊት የሚቀርበው የጥያቄ ቅጽ ከቤተ ሙከራው ያነሰ ክብደት የለውም፤ በቅርቡ ለበሽታ ሊያጋልጠው የሚችል ነገር የገጠመው ሰው ለጊዜው እንዳይለግስ የሚደረገውም መሣሪያው ሊያየው የማይችለውን እርሱ ስለሚያውቅ ነው። በየሦስት ወሩ የሚመላለስ በጎ ፈቃደኛ፣ ደጋግሞ በመመርመሩና አደጋውን በመረዳቱ፣ ከአዲስ ለጋሽ ይልቅ አስተማማኝ ነው፤ ነፍሰ ጡሮችና አደጋ የደረሰባቸው ከጉና ተራራ ግርጌ ካሉ የደቡብ ጎንደር ወረዳዎች ለሚላኩበት የደብረ ታቦር ሆስፒታል ትልቁ ሀብት እንዲህ ዓይነት ለጋሽ ነው።

ከሦስቱ ቫይረሶች በኢትዮጵያ ለጋሾች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሄፓታይተስ ቢ ነው፤ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ፣ እንዲሁም በልጅነት ስለሚተላለፍ፣ ብዙው ሰው ያለ ምንም ምልክት ለዓመታት ተሸክሞት ይኖራል፣ ቫይረሱ እንዳለበት የሚያውቀውም አንዳንዴ ደም ሊለግስ ሲመጣ ነው። ክትባቱ ከሕፃናት መደበኛ ክትባት ጋር የተቀላቀለው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ በዚያ ዓመት የተወለዱት የ18 ዓመቱን የለጋሽነት ዕድሜ የደረሱት በ2025 ነው፤ ቀድመዋቸው የተወለዱት ግን እስከ 65 ዓመታቸው ድረስ ስለሚለግሱ፣ የሄፓታይተስ ቢ ሰሌዳ ገና ለአሥርተ ዓመታት ሥራ አይፈታም።