ስለ ሆሚዮፓቲ ሕክምና መሠረተ ሐሳብና አሠራር

ከመኝታ ቤት ጓደኞቻችን አንዱ ለጥናት ወደ ጋምቤላ ለመውረድ ሲዘጋጅ፣ በለንደን የሚኖሩ ዘመዱ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ላኩለት። በውስጧ የማሽላ ፍሬ የሚያህሉ ነጫጭ እንክብሎች ነበሩ፤ ከወባ ይጠብቁሃል ተብሏል። በላይዋ የተጻፈው የመድኀኒቱ የላቲን ስምና «30» የሚል ቍጥር ብቻ ነው። ከእኛ መካከል አንዱ «ይህ እንደ አገራችን የባህል መድኀኒት ያለ ነገር ነው» አለ፤ ሌላው ደግሞ «ከውጭ አገር ከመጣማ የተመረመረ ይሆናል» አለ። ቍጥሩ ምን ማለት እንደ ሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ይኸው ነው። ዓላማችንም ሆሚዮፓቲ የሚባለው የሕክምና ዘዴ ከየት እንደ መጣና እንክብሉ እንዴት እንደሚዘጋጅ ለአንባብያን መግለጥ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የዚህ ሕክምና መሥራች ሳሙኤል ሃነማን በ1755 ዓ.ም. በጀርመን አገር በማይሰን ከተማ ተወለደ፤ በ1779ም በሕክምና የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሐኪም ዋና ሥራው የበሽተኛውን ደም መቅዳት፣ በሚያስመልስና በሚያስቀምጥ መድኀኒት ሰውነቱን ማራቈትና ሜርኩሪ ያለበትን ቅመም በብዛት ማጠጣት ነበር። በ1792 የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ሊዮፖልድ ደጋግመው ደም ከተቀዱ በኋላ ሲሞቱ ሃነማን ሐኪሞቻቸውን በአደባባይ ነቀፈ። በዚህ ነቀፋው እውነት ነበረው። ስለ ሃነማን የሚጽፉ ብዙ ሰዎች ይህን ማስታወስ ይረሳሉ፤ እኛ ግን ሰውየው የተነሣበት ምክንያት ቀና እንደ ነበረ ሳንናገር ማለፍ አልወደድንም።

ሃነማን በሙያው ተስፋ ቈርጦ መጽሐፍ እየተረጐመ ይኖር ነበር። በ1790 የእስኮትላንዱን ሐኪም የዊልያም ከለንን መጽሐፍ ሲተረጕም የሲንኮና ቅርፊት ወባን የሚያድነው ስለሚመርና ጨጓራን ስለሚያጠነክር ነው የሚል አገኘ። በዚህ ስላላመነ ቅርፊቱን ራሱ ወስዶ ለመሞከር ቈረጠ። ጤነኛ ሆኖ ሳለ ቅርፊቱን በቀን ሁለት ጊዜ ለጥቂት ቀናት ቢወስድ እግሩና የጣቱ ጫፍ ቀዘቀዘ፣ ልቡ ቶሎ ቶሎ መታ፣ ድካም ተሰማው፤ በአጭሩ የወባ ምልክት የሚመስል ነገር ታየበት። መውሰዱን ሲያቆም ለቀቀው። ከዚህም ተነሥቶ በጤነኛ ሰው ላይ የአንድን በሽታ ምልክት የሚያመጣ ነገር በሽተኛውን ከዚያው በሽታ ያድነዋል ሲል ደመደመ። ይህንኑ በ1796 በጽሑፍ ገለጠ፤ በ1810 ደግሞ ኦርጋኖን በተባለው መጽሐፉ አስፋፍቶ አስተማረ። እኛ «እሾህን በእሾህ» የምንለው ዐይነት ነው፤ ስሙም ቢሆን «ተመሳሳይ» እና «ሕመም» ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት መቈየት ይገባናል፤ የሕንጻው ሁሉ መሠረት ይህች አንዲት ሙከራ ናትና። ዛሬ የሲንኮና ቅርፊት ለምን ወባን እንደሚያድን ይታወቃል። በ1820 ፔልቲዬና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ከቅርፊቱ ውስጥ ኪኒንን ለይተው አወጡ፤ በ1880 ደግሞ ላቭራን የወባን ተሐዋስ በሕሙማን ደም ውስጥ አየ። ኪኒን የሚያድነው ያንን ተሐዋስ በደም ውስጥ ስለሚገድል ነው እንጂ የወባን ምልክት ስለሚመስል አይደለም። ለዚህም ልኩን የጠበቀ መጠን ያስፈልጋል። ይህ መድኀኒት ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በአማርኛ ማንኛውንም እንክብል «ኪኒን» የምንለው ከዚሁ ስም የመጣ ነው።

ሃነማንና ተከታዮቹ ልዩ ልዩ ነገር ለጤነኞች እየሰጡ የተሰማቸውን ሁሉ መመዝገብ ጀመሩ። ቀይ ሽንኩርት ዐይንና አፍንጫን ስለሚያስለቅስ ለጉንፋን ታዘዘ። ቡና እንቅልፍ ስለሚነሣ እንቅልፍ ላጣ ሰው መድኀኒት ሆነ። (ከቡና አገር ለመጣን ለእኛ ይህ ሳያስቀን አልቀረም።) ግን ጤነኛ ሰው የሚሰማውን ሁሉ እንዲጽፍ ቢጠየቅ መድኀኒት ባይወስድም ብዙ ነገር ይጽፋል፤ ራሱን ያመዋል፣ ሕልም ያያል፣ እግሩ ይደነዝዛል። ከእነዚህ የቱ ከመድኀኒቱ፣ የቱ ከኑሮው እንደ ሆነ የሚለይበት መንገድ በመጀመሪያ አልነበራቸውም።

ሁለተኛው መሠረተ ሐሳብ ስለ መቀጠን ነው። ሃነማን ከሚሰጣቸው ነገሮች አንዳንዶቹ መርዝ ስለ ነበሩ መጠኑን መቀነስ ግድ ሆነበት። በኋላ ግን መድኀኒቱ እየቀጠነና በብርቱ እየተናጠ በሄደ መጠን ኀይሉ ይጨምራል፣ ይህም የሰውን «የሕይወት ኀይል» ያነቃቃል ወደሚል እምነት ደረሰ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከመድኀኒቱ አንድ እጅ ተወስዶ ከ99 እጅ ውሃ ወይም አልኮል ጋር ይደባለቃል፤ ብልቃጡም በቆዳ ከተለበጠ ነገር ጋር እየተጋጨ ይናጣል። ይህ መጀመሪያው ደረጃ ነው። ከዚህ ድብልቅ እንደ ገና አንድ እጅ ተወስዶ ከ99 እጅ ውሃ ጋር ሲደባለቅ ሁለተኛው ደረጃ ይሆናል። በጓደኛችን ብልቃጥ ላይ የተጻፈው 30 ይህ ሥራ ሠላሳ ጊዜ ተደጋግሟል ማለት ነው። በመጨረሻ ድብልቁ በስኳር እንክብል ላይ ይንጠባጠባል፤ እንክብሉም ይደርቃል።

በኬሚስትሪ ክፍል የተማርነውን ይዘን ስሌቱን እንሥራው። ገበታ ላይ የምናገኘው ጨው 58.5 ግራም ቢመዘን በውስጡ 6 ቍጥር 23 ዜሮ አስከትሎ የሚጻፍ ያህል ቅንጣት አለ። በየደረጃው ከመቶ አንዱን እጅ ብቻ ይዘን ብንሄድ፣ በ12ኛው ደረጃ ላይ በእጃችን የሚቀረው በአማካይ ከአንድ ቅንጣት ያነሰ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀጥነው ውሃ በውሃ ነው። በ30ኛው ደረጃማ አንዲት የመድኀኒት ሞለኪዩል ለማግኘት ከፀሐይ 15,000 ጊዜ ያህል የሚከብድ ውሃ መጠጣት ያስፈልጋል። ስሌቱን ሦስት ጊዜ ደጋገምነው፤ የተሳሳትን መስሎን ነበር። ሃነማን ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ የሞለኪዩል ቍጥር የተገመተው በ1843 ከሞተ በኋላ ነው። ዛሬ ያሉት ተከታዮቹ ግን ያውቁታል፤ ስለዚህ ውሃው የነካውን ነገር «ያስታውሳል» ይላሉ። ነገር ግን የውሃ ሞለኪዩሎች እርስ በርስ የሚያያዙበት ቅርጽ ከሰኮንድ እጅግ ያነሰ ጊዜ እንኳ ሳይቈይ ይፈርሳል፤ በደረቀው ስኳር ላይ ደግሞ ውሃው ራሱ የለም።

እንግዲህ ሆሚዮፓቲን ከአገራችን የባህል መድኀኒት ጋር አንድ ማድረግ ስሕተት መሆኑ ከዚህ ይታወቃል። ኮሶ የጠጣ ሰው የጠጣውን ያውቃል። ሲበዛ ይጐዳል፣ ሲያንስ ትሉን አያወጣም፤ በውስጡ የሚሠራ ነገር አለና። በእርግጥ የሆሚዮፓቲ መድኀኒት ሁሉ እስከዚህ ድረስ የቀጠነ አይደለም። በዝቅተኛ ደረጃ የሚዘጋጁት እውነተኛ ንጥረ ነገር ሊኖራቸው ይችላል፤ በ2017 የአሜሪካ የምግብና የመድኀኒት መሥሪያ ቤት ጥርስ ለሚያበቅሉ ሕፃናት በሚሸጡ የሆሚዮፓቲ እንክብሎች ውስጥ ቤላዶና የተባለው መርዛም ተክል መጠኑ ሳይስተካከል እንዳገኘ አስታውቋል።

«ታዲያ ሰው እንዴት ይድናል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1854 በለንደን ኮሌራ ሲገባ በሆሚዮፓቲ ሆስፒታል ከታከሙት የሞቱት ከመቶ 16 ያህል ሲሆኑ፣ በሌሎቹ ሆስፒታሎች ግን ከመቶ ከ50 በላይ ሞቱ። ይሁን እንጂ በሌሎቹ ዘንድ ሕመምተኛው ደሙ ይቀዳ፣ የሚያስቀምጥም መድኀኒት ይሰጠው ነበር። ኮሌራ ደግሞ የሚገድለው ሰውነትን ውሃ በማሳጣት ነው። የሆሚዮፓቲ ሐኪም ምንም ባለመስጠቱ ምንም ጕዳት አላደረሰም። ከዚህም ሌላ እርሱ በሽተኛውን አንድ ሰዓት ያህል አስቀምጦ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ኀዘኑ፣ ስለሚወደው ምግብ ይጠይቀዋል። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን ክኒን እየቈጠረ ከመስኮት የሚያቀብለንን ድሬሰር ስናስታውስ፣ እንዲህ በትዕግሥት መሰማት ራሱ ለሰው ምን ያህል እንደሚያጽናና ይገባናል። ጉንፋንም ቢሆን መድኀኒት ቢወሰድ ባይወሰድ በሳምንቱ ይለቃል፤ ምስጋናውን የሚቀበለው ግን በመጨረሻ የተወሰደው ነገር ነው።

እውነቱን ለመለየት ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ እኛን የማረከን በ1835 በጀርመን አገር በኑረምበርግ ከተማ የተደረገው ነው። በከተማው ከፍተኛ የጤና ሹም የነበረው ፎን ሆፈን ሆሚዮፓቲን ነቅፎ ሲጽፍ፣ ሮይተር የተባለ የሆሚዮፓቲ ሐኪም፣ 30ኛ ደረጃ የደረሰ ጨው የወሰደ ሰው አንዳች ነገር ሳይሰማው እንደማይቀር አሥር ለአንድ እወራረዳለሁ አለ። የከተማውም ሰዎች ቀይ አውራ ዶሮ በተባለ መጠጥ ቤት ተሰበሰቡ። መቶ ብልቃጦች ቍጥር ተሰጣቸው፣ ተደባለቁ፤ በግማሾቹ የቀጠነው ጨው፣ በግማሾቹ ተራ የበረዶ ውሃ ተሞላ። የትኛው ቍጥር ምን እንደ ያዘ የሚገልጠው ዝርዝር ታሸገ። የሚጠጡትም ሆኑ ብልቃጡን የሚያድሉት አያውቁም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዝርዝሩ ሲከፈት የተለየ ነገር ተሰማን ያሉት ስምንት ብቻ ሆነው ተገኙ፤ ከእነርሱም አምስቱ መድኀኒቱን፣ ሦስቱ ውሃውን የጠጡ ነበሩ። የቀሩት፣ መድኀኒት የጠጡት ጭምር፣ ምንም አልተሰማቸውም። በዚያ መጠጥ ቤት የተሠራበት ዘዴ ዛሬ መድኀኒት ሁሉ የሚፈተንበት ዘዴ መሆኑ ያስደንቃል።

ከዚያ ወዲህ የተደረገው ብዙ ነው። በ2005 ላንሴት በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት 110 የሆሚዮፓቲ ሙከራዎችን ከ110 የመደበኛ ሕክምና ሙከራዎች ጋር አነጻጽሮ፣ በትልልቆቹና በጥንቃቄ በተሠሩት ላይ የሆሚዮፓቲ ውጤት መድኀኒት መስሎ ከሚሰጥ ባዶ እንክብል እምብዛም እንደማይለይ አሳየ። በ2015 የአውስትራሊያ የጤና ምርምር ምክር ቤት ሆሚዮፓቲ ይፈውሰዋል ተብሎ በእርግጠኛነት የሚነገር በሽታ እንደሌለ ገለጠ። የፈረንሳይም መንግሥት ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ለዚህ መድኀኒት ከሕዝብ ገንዘብ መክፈሉን አቆመ። በሕንድ አገር ግን እስከ ዛሬ በመንግሥት ኮሌጆች ይማሩታል።

ወደ ወባ እንመለስ። በ2006 በእንግሊዝ አገር ጋዜጠኞችና ሳይንቲስቶች ወደ ሞቃት አገር እንሄዳለን የሚሉ መንገደኞችን መስለው አሥር የሆሚዮፓቲ ሐኪም ቤቶችን ቢጠይቁ፣ አሥሩም በመደበኛው መከላከያ ፈንታ የራሳቸውን እንክብል እንዲወስዱ መከሩ። በ2009 የዓለም ጤና ድርጅት ለወባ፣ ለሳንባ ነቀርሳ፣ ለኤችአይቪና ለሕፃናት ተቅማጥ ሆሚዮፓቲ እንዳይወሰድ አስጠነቀቀ። ጉንፋን የያዘው ሰው ስኳር ቢውጥ ገንዘቡን ብቻ ያጣል። በፋልሲፓረም ወባ የተያዘ ሰው ግን ሁለትና ሦስት ቀን እንክብሉን እያመነ ቢቈይ በሽታው ወደ አንጐሉ ሊወጣ ይችላል።

ስሌቱን ጽፈን ለጓደኛችን አሳየነው። ለረጅም ጊዜ ከተመለከተው በኋላ ዘመዱን ላለማሳዘን ሲል ብልቃጧን በሻንጣው ከተታት። በማግስቱ ግን አብረነው ወደ ሐኪም ሄድን፤ ሐኪሙም በየቀኑ የሚዋጥ የመከላከያ ክኒን አዘዙለት፤ አጐበርም ገዛ።