ሁለተኛው መዞሪያ

ቢቸናም ሆነ ሞጣ የሞባይል ጥገና ቤት የገባ ሰው ጠረጴዛው ላይ ቀይና ጥቁር ገመድ የወጣለት ሣጥን ሳያይ አይቀርም። ፓወር ሰፕላይ ነው። የደንበኛው ዓይን የሚያርፈው ማይክሮስኮፑና የሙቅ አየር ማሽኑ ላይ ነው፤ ጠጋኙም ገንዘብ ሲያገኝ ቀድሞ የሚያስበው እነሱን ነው። እኔ ግን ከዚያ ጠረጴዛ አንድ ዕቃ ብቻ ውሰድ ብባል ይህን ሣጥን ነው የማነሳው።

ሥራው አጭር ነው፦ ከግድግዳው የመጣውን 220 ቮልት ተቀብሎ የፈለግነውን ያህል ዲሲ ይሰጣል። ለስልክ 4 ቮልት ገደማ፣ አራት ባትሪ ድንጋይ ለሚበላ ሬዲዮ 6፣ ለመኪና ቴፕ 13.8። ከ0 እስከ 30 ቮልትና 5 አምፔር የሚሰጥ ሣጥን ለዚህ ሁሉ ይበቃል።

ይህን ቁጥር ነው ብዙ ሰው የሚፈራው። «5 አምፔር ይበዛበታል፣ ያቃጥለዋል» ይላሉ። ሞጣ ውስጥ ሬዲዮ ይዘው የመጡ አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ኃይል ለእኔዋ አይከብዳትም?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ጠጋኙ «አያ፣ አይስጉ፤ የምትፈልገውን ብቻ ነው የምትወስደው» አላቸው። ልክ ነው። አዛውንቱ ባያውቁ አይፈረድባቸውም፤ በሙያው እንጀራ የሚበላ ሰው ሲለው ግን ያሳዝናል። 5 አምፔር የሣጥኑ ጣሪያ ነው። የሚገፋው ቮልቱ ነው፤ ቮልቱ ልክ ከሆነ 0.2 አምፔር የሚበቃው ስልክ 0.2 ይወስዳል፣ ሣጥኑ ባለ 2 ሆነ ባለ 10 ለውጥ የለውም። ስልክ የሚገድለው 12 ቮልት ላይ የተረሳውን ሣጥን ሳያዩ ማገናኘት ወይም ቀዩንና ጥቁሩን ማቀያየር ነው።

አምፔሩ የሚያስፈራው ቦርዱ ውስጥ ሾርት ሲኖር ነው። ያኔ ቦርዱ ያገኘውን ሁሉ ይጠጣል፤ ከቮልቱ መዞሪያ ሌላ ያለው፣ አምፔሩን የሚገድበው ሁለተኛው መዞሪያ የተሠራውም ለዚያ ቀን ነው። የአምፔር ገደብ የበቅሎ ልጓም ነው፤ እስኪሳብ ድረስ መኖሩ አይታወቅም። ገደቡን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጉ፤ ቮልቱን አስተካክሉ፤ ሁለቱን ገመዶች እርስ በርስ አገናኙ፤ ንባቡ 0.5 እስኪል መዞሪያውን አዙሩ፤ ከዚያ ለያዩአቸው። ገመድ ማነካካት የሚፈሩ አሉ፤ ገደብ ባለው ሣጥን ምንም አይሆንም። አሁን ቦርዱ ምንም ቢበላሽ ከግማሽ አምፔር በላይ አያገኝም።

ከዚያ ወዲያ ንባቡ ራሱ ይናገራል። የስልኩን ባትሪ አውጥታችሁ ገመዶቹን በቦታው ስታገናኙ፣ ማብሪያው ሳይነካ ቁጥሩ ወደ ላይ ከዘለለ የኃይል መስመሩ ላይ የሚያፈስ ዕቃ አለ። ማብሪያው ሲጫን ከፍ ዝቅ እያለ ከሄደ ስልኩ ለመነሳት እየሞከረ ነው። ሾርት ካለ ሌሎቹ ቺፖች እንዳይጎዱ ቮልቱን ወደ 1 አውርዱ፣ 1 አምፔር ልቀቁ፣ ቦርዱን አልኮል ቀቡት። አልኮሉ ቀድሞ የደረቀበት ቦታ ጥፋተኛው አለ። ቢቸና ውስጥ አንድ ወጣት በዚህ መንገድ የሞተ ስልክ ሲያስነሳ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ፤ ያነሳው በዓይን ለመለየት የምታስቸግር አንዲት ካፓሲተር ብቻ ነበር። ገደብ የሌለው ሣጥን ያለው ሰው ይህን አይሞክርም፤ ዕቃ በዕቃ እየነቀለ ቦርዱን ይጨርሳል።

ስለዚህ መርካቶ ወርዳችሁ ስትገዙ የአምፔር መዞሪያ የሌለውን፣ ምንም ቢረክስ፣ ተዉት። ለሞባይል ተብለው ከሚሸጡት ባለ 15 ቮልት 2 አምፔሮች ብዙዎቹ የላቸውም። ሬዲዮ የምትሠሩ ከሆነ ትራንስፎርመር ያለውን ከባዱን ምረጡ፤ ቀላሉ ስዊቺንግ በራሱ ጩኸት እየፈጠረ የሌለ ብልሽት ስትፈልጉ ያውላችኋል።

የሶላር ባትሪ የሚሞሉበትም አሉ። ለባለ 7 አምፔር-ሰዓቱ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 14.4 ቮልትና 0.7 አምፔር ገደብ ደህና ነው። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ባትሪው ወደ ሣጥኑ መልሶ ይገፋል፤ የሣጥኑን ውስጥ ሊያቃጥለው ይችላል። መሐል ላይ ዳዮድ ሳታስገቡ አታገናኙ፤ አገናኝታችሁም ምሳ አትሂዱ፣ እባካችሁ። የምትገዙት ሣጥን ዲጂታል ከሆነ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ሶኬቱን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት። ኃይል ሲመለስለት ሳይታዘዝ ቮልት የሚለቅ ከሆነ ሌላ አሳየኝ በሉት፤ መብራት ሄዶ በሚመጣበት ከተማ ጠረጴዛው ላይ የተከፈተ ስልክ ትታችሁ የምትወጡበት ቀን አይጠፋም።