ብርዱን የለመደ መዳፍ፣ ጨዉን ያልለመደ

በአላስካ በየዓመቱ ማርች ሲገባ ኢዲታሮድ የሚባለው የውሾች ውድድር ይካሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው ይህ ውድድር 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ነው። ውሾቹ ስሌድ የተባለውን የበረዶ ላይ ጋሪ እየጎተቱ ተራራውን፣ ጫካውንና የረጋውን ባሕር አቋርጠው ኖም የምትባለው የባሕር ዳርቻ ከተማ ይደርሳሉ። ተወዳዳሪው በስሌዱ ጭኖ እንዲጓዝ ደንቡ የሚያስገድደው ዕቃ አለ፤ የመኝታ ከረጢት፣ መጥረቢያ፣ በረዶ አቅልጦ ውሃ የሚያፈላበት ምድጃ። ከእነዚህ ጋር ለእያንዳንዱ ውሻ ስምንት ጫማ መያዝ ግዴታ ነው። 12 ውሾች ይዞ የሚነሳ ነጂ 96 ጫማ ይጭናል ማለት ነው፤ ይህም ትንሹ ነው። አንድ ቡድን ኖም እስኪደርስ ከአንድ ሺህ በላይ ጫማ ሊጨርስ ይችላል።

ነገሩ መጀመሪያ ሲሰሙት ግራ ያጋባል። የአላስካ ውሻ በረዶ ላይ ተወልዶ፣ በረዶ ላይ አድጎ፣ አፍንጫውን በጅራቱ ሸፍኖ በረዶ ላይ የሚተኛ ፍጥረት ነው። ታዲያ ጫማ ምን ያደርግለታል?

ለብርዱ እንዳልሆነ ጫማውን ያየ ሁሉ ይረዳል። ኮርዱራ ከሚባለው ጠንካራ ጨርቅ የተሰፋ፣ ሶል የሌለው፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ በቬልክሮ የሚታሰር ተራ ከረጢት ነው። ሙቀት የሚሰጥ ውስጠኛ ሽፋን የለውም። ሥራው መዳፉን ከሻካራ በረዶ መከላከልና በጣቶች መካከል በረዶ እንዳይጋገር ማገድ ነው። ውሾቹ ሊያርፉ ሲቆሙ ነጂዎቹ ጫማዎቹን አንድ በአንድ ያወልቃሉ፤ ማሰሪያው ደም እንዳያግድ፣ እርጥበቱም እንዳይታፈን። ከዚያ መዳፉን ገልጠው ያያሉ፣ ቅባት ይቀባሉ፣ ሲነሱ በአዲስ ጫማ ይተካሉ። በእረፍት ሰዓት ከሰውየው እንቅልፍ ይልቅ የውሾቹ እግር ይቀድማል።

ሐሳቡ የኢዲታሮድ ፈጠራ አይደለም። የአርክቲክ ነዋሪ የሆኑት ኢኑይቶች ሲል ከሚባለው የባሕር እንስሳ ቆዳ ለውሾቻቸው ጫማ ይሠሩ ነበር። ይህንንም የሚያደርጉት ብርዱ በሚከፋበት ወር ሳይሆን ጸሐይ በምትበረታበት በጸደይ ነው። ያን ጊዜ የባሕሩ በረዶ ከላይ ቀልጦ ውሃው ሲወርድ፣ የሚቀረው ገጽ እንደ መርፌ የሾለ ስለሚሆን እግር ይቆርጣል። ብርዱን ውሻው ራሱ ይችለዋል፤ ሰው የሚያግዘው መሬቱ ሲከፋ ነው።

ይህን ችሎታ የሰጠው የመዳፉ አሠራር ነው። እያንዳንዱ መዳፍ አራት የጣት ጉብታዎችና አንድ ትልቅ የመሐል ጉብታ አለው። በፊት እግሮች ላይ ደግሞ ከፍ ብሎ አንድ ተጨማሪ አለ። ጉብታዎቹ ከውጭ ወፍራምና ሻካራ ቆዳ፣ ከውስጥ ስብና ጠንካራ ጅማት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 የጃፓን ተመራማሪዎች የመዳፉን የደም ሥሮች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መርምረው አቀማመጣቸውን በዝርዝር አሳይተዋል። ከልብ ትኩስ ደም ይዞ የሚወርደው ሥር ቀዝቃዛ ደም ይዘው በሚመለሱ በርካታ ቀጫጭን ሥሮች ተከብቧል። ወራጁ ሙቀቱን ለተመላሹ ያስረክባል። ስለዚህ ወደ ሰውነት የሚመለሰው ደም ሞቆ ይገባል፤ መዳፉም እንዳይረጋ የሚበቃውን ያህል ሙቀት ብቻ ያገኛል።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1972፣ በአርክቲክ ቀበሮዎችና ተኩላዎች ላይ የተደረገ ጥናት የዚህን አሠራር ጉልበት በቁጥር አሳይቶ ነበር። እግራቸው ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ውስጥ ሲነከር የመዳፋቸው ሙቀት ወርዶ ወርዶ ሥጋ ሊረጋ ጥቂት ሲቀረው፣ ከዜሮ በታች አንድ ዲግሪ ገደማ ላይ ቆመ። ሰውነት ከዚያ በታች እንዳይወርድ ደም ይልካል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ሙቀት አያባክንም።

ይህ ማለት ግን ማንኛውም ውሻ ማንኛውንም ብርድ ይችላል ማለት አይደለም። ቡችላ፣ ያረጀ ውሻ፣ ጸጉረ አጭርና ትንንሽ ዘሮች፣ የልብ ወይም የስኳር ሕመም ያለባቸው ውሾች ቶሎ ይጎዳሉ። ብርድ ሥጋን ሲያረጋ መጀመሪያ የሚያጠቃው የጆሮ ጫፍን፣ ጅራትንና የእግር ጣቶችን ነው። ቆዳው ይገረጣል ወይም ያመዳል፣ ሲነኩት ይቀዘቅዛል፤ ሲሞቅ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያማል። እንዲህ ሲሆን ማሸት አይገባም፣ ሥጋውን ይብሱን ይጎዳዋልና። ለብ ባለ ውሃ እያሞቁ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ነው። ምልክቱ እስኪታይ መጠበቅም አያስፈልግም። ውሻው እግሩን እየቀያየረ ካነሳ፣ ካነከሰ ወይም መንገድ ላይ ቆሞ አልሄድም ካለ፣ ወደ ቤት የመመለሻው ሰዓት ነው።

የከተማ ውሻ ችግር ከዚህ የተለየ ነው፤ በአብዛኛውም ሰው ሠራሽ ነው። በሚኒያፖሊስ፣ በቶሮንቶ ወይም በስቶክሆልም የሚኖር ውሻ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚረግጠው ንጹሕ በረዶ ሳይሆን ጨው የተረጨበት አስፋልት ነው። በእነዚህ ከተሞች የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ውሻን የሚያውቁት ግቢ ሲጠብቅ፣ ደጅ ሲያድር ነው። እግር ማጠብ፣ ጫማ ማድረግ ለብዙዎቹ አዲስ ነገር ነው፤ ከልጆቻቸው ጋር ቡችላ ወደ ቤት ያስገቡ ወላጆች መጀመሪያ እንደ ቅንጦት ቢያዩት አይፈረድባቸውም። ሀገር ቤት ያለው ውሻ ግን ጨው የተነሰነሰበት ጎዳና ረግጦ አያውቅም።

ጨው በረዶን የሚያቀልጠው ውሃ የሚረጋበትን የሙቀት መጠን ዝቅ በማድረግ ነው። ተራው የመንገድ ጨው፣ ማለትም ሶዲየም ክሎራይድ፣ ከዜሮ በታች ዘጠኝ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ጉልበቱ ይደክማል። ከዚያ በታች ብዙ ጊዜ ካልሲየም ክሎራይድ ይጨመራል፤ ይህ ደግሞ ውሃ ሲነካው ራሱ ሙቀት ያወጣል። እርጥብ መዳፍ ሥር፣ በጣቶች መካከል ባለው ስስ ቆዳ ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያስቸግርም። ያደርቃል፣ ያቃጥላል፣ ይሰነጥቃል፤ በስንጥቁ የገባው ጨው ደግሞ እያንዳንዱን እርምጃ ሕመም ያደርገዋል። ውሻ የሚያመውን ይልሳል። የላሰው ጨው ሆድ ይገባና ያስታውከዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ውሃ ያስጠማዋል፤ መጠኑ ከበዛ ሊመርዘው ይችላል።

ከጨውም የሚከፋ አለ። በመኪና ማቆሚያ ከሞተር የሚንጠባጠበው፣ አንቱፍሪዝ የሚባለው ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ ኤቲሊን ግላይኮል አለበት። ጣዕሙ ይጣፍጣል፤ ጥቂቱ ብቻ ኩላሊት አጥፍቶ ውሻን ይገድላል። ውሻው ቢረግጠው እግሩን ሲልስ ይወስደዋል። እንደ ሰከረ መንገዳገድ፣ ማስታወክ ከታየ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም፤ መድኃኒቱ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው።

እንግዲህ ለከተማ ውሻ ከሁሉ የሚበልጠው ጥበቃ በር ላይ የሚደረገው ነው። ለብ ያለ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን፣ አንድ ፎጣ፤ አራቱንም እግር መንከር፣ ጣቶቹን ፈልቅቆ ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅ። ሆድም መጥረግ ያስፈልገዋል፤ በተለይ አጭር እግር ያላቸው ውሾች ጨዉን በሆዳቸው እየጠረጉ ይመጣሉ። ይህ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ለውሻውም ከማንኛውም ውድ ዕቃ ይልቅ ይጠቅመዋል። ፊቱን እያዞረ እንቢ የሚል ውሻ እንኳ በየዕለቱ ሲደረግለት ይለምደዋል።

በጣቶች መካከል የሚያድገው ጸጉር ሌላው ጉዳይ ነው። እንደ ፑድልና ጎልደን ሪትሪቨር ባሉ ጸጉራሞች ላይ በረዶው ከጸጉሩ ጋር እየተጠቀለለ ጠጠር ያክላል፤ ውሻው በጠጠር ላይ እንደሚሄድ ሰው ይሆናል። ጸጉሩን ከጉብታው ጋር እኩል አድርጎ መከርከም ይበቃል፤ ወደ ውስጥ ገብቶ መላጨት ቆዳውን ያጋልጠዋል። ጥፍሩም አጭር ይሁን፤ ረጅም ጥፍር ጣቶቹን ስለሚያራርቅ በረዶና ጨው መግቢያ ያገኛል።

ከመውጣት በፊት ቅባት መቀባት ይረዳል። የስሌድ ነጂዎች በሰም የተሠራ ቅባት ሲጠቀሙ ኖረዋል፤ ዛሬ በየእንስሳት መደብሩ ይሸጣል። ቤት ያለው ቫዝሊንም ጨው እንዳይጣበቅ ያግዛል፣ ግን ቶሎ ይጠረጋል፣ የሳሎን ወለል ላይም ያንሸራትታል። ቅባት የጫማን ያህል አይከላከልም።

ጫማ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚሳሳተው በልክ ነው። ውሻው ቆሞ ክብደቱን ሲጥል መዳፉ ስለሚሰፋ ወረቀት ላይ አቁሞ ስፋቱን መለካት ይሻላል። የፊት እግር ብዙውን ጊዜ ከኋላው ስለሚሰፋ አራቱ አንድ ልክ ላይሆኑ ይችላሉ። ከገበያው ውስጥ ፊኛ የሚመስለው ቀጭን የላስቲክ ጫማ ርካሽ ነው፤ አያሞቅም፣ ጨው ግን አያስገባም፣ ውሻውም መሬቱን እየተሰማው ይሄዳል። ሶል ያለው ወፍራም ጫማ ለረጅም መንገድና ለተጎዳ እግር ይሆናል። ውሻ መዳፉን ስለሚያልበው ሁለቱም ቤት ሲገባ ወዲያው መውለቅ አለባቸው። መጀመሪያ ሲጫማ እግሩን ከፍ ከፍ እያደረገ ይደናበራል፤ ብዙ ሰው በዚህ ይስቃል፣ ተስፋም ይቆርጣል። ቤት ውስጥ አንድ እግር ብቻ አጫምቶ፣ ቁራጭ ሥጋ ሰጥቶ፣ አውልቆ፤ በማግስቱ ሁለት እግር። በትዕግስት ከተሠራ አብዛኛው ውሻ ይቀበለዋል።

የገዛ ደጅ ደግሞ በባለቤቱ እጅ ነው። ለእንስሳት ይስማማል ተብሎ የሚሸጥ ማቅለጫ አለ፤ አሸዋም በረዶ ባያቀልጥ መንሸራተትን ይቀንሳል፣ መዳፍም አያቃጥልም። ጨው የግድ ካስፈለገ መጠኑ ሰው ከሚያስበው እጅግ ያነሰ ነው። በሚኒሶታ ያለው የብክለት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ለአሥር የእግረኛ መንገድ ንጣፎች አንድ የቡና ኩባያ፣ 340 ግራም ገደማ፣ ይበቃል ይላል። ይህን የሚለው ለውሾች ብሎ ሳይሆን ለሐይቆቹ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 19 ሊትር ያህል ውሃ ለዘለቄታው ይበክላልና። በረዶው ከመርጋቱ በፊት አካፋ ማንሳት፣ ጨዉን አራርቆ መበተን፣ ከቀለጠ በኋላ የተረፈውን ጠርጎ ለሚቀጥለው ማስቀመጥ፤ እነዚህን ያደረገ ሰው የራሱን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም ውሻ እግር ይጠብቃል።