ከዮሐንስ እስከ መስቀል፦ በቀጥቃጭ ቤት ምን ይሠራል?

እንቁጣጣሽ ሲነሳ አደይ አበባው፣ አበባየሆሽ የሚሉት ልጃገረዶች፣ ችቦውና ዶሮ ወጡ ይወራሉ። ሁሉም ደስ ይላሉ። እኔ ግን ዛሬ፣ ወዳጆቼ፣ ብዙ ሰው ወደማያስታውሰው ቦታ፣ ወደ ቀጥቃጭ ቤት ልወስዳችሁ እፈልጋለሁ። የመጪው አዝመራ ዕጣ በከፊል የሚወሰነው በዚያ ጎጆ ውስጥ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? ቆይ ላስረዳችሁ።

መጀመሪያ ወቅቱን እንይ። በደጋውና በወይና ደጋው ገበሬ ዘንድ ዮሐንስ የሚገባው ሥራ ባለቀበት ጊዜ አይደለም። በሐምሌ የተዘራው ጤፍ ገና ለምለም ነው፤ አረሙን ይፈልጋል። ገብሱ እያሸተ ነው። መረሬው ማሳ ደግሞ ገና መዘራቱ ነው፤ ውሃው ጠፈፍ ሲልለት፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም፣ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። ሽምብራ ብዙ ዝናብ አይጠብቅም፤ ጥቁሩ አፈር ከክረምቱ ይዞ ባስቀረው እርጥበት ይደርሳል። ስለዚህ በዚህ ወር ሁለት መሣሪያ በአንድ ላይ ይፈለጋል፦ ማረሻ ለሽምብራው፣ ማጭድ ለሚደርሰው ገብስ። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ጤፉ ይከተላል። ማረሻው ግን በክረምቱ እርሻ ዶልዱሟል፤ ማጭዱም ካለፈው አጨዳ ወዲህ ከጣራው ሥር ተሰክቶ ዝጓል። መንገዱ ወደ ቀጥቃጭ ቤት ነው።

ማረሻው ለምን ያልቃል? ሞፈሩ፣ እርፉ፣ ቀንበሩና ሁለቱ ድግሮች እንጨት ናቸው፤ ገበሬው ራሱ ጠርቦ ያበጃቸዋል። ብረት የሆኑት አፈሩን የሚሰነጥቀው ማረሻና እሱን አጥብቆ የሚይዘው ወገል ናቸው። የጤፍ ማሳ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ጊዜም ይታረሳል። በዚያ ሁሉ ምልልስ የማረሻውን ጫፍ ጠጠርና አሸዋ ይበሉታል። ቀጥቃጩ ያጠረውን ጫፍ አግሎ፣ ቀጥቅጦ ያስረዝመዋል፤ ከልክ በላይ ካለቀም ሌላ ብረት ይጨምርበታል።

ብረቱስ ከየት ይመጣል? ዛሬ ቀጥቃጩ በጣም ከሚወዳቸው ብረቶች አንዱ ባሌስትራ ነው፤ ያ የጭነት መኪና ክብደት የሚሸከመው የብረት ንጣፍ። ፌሮም ይሠራበታል፤ ነገር ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። ልዩነቱ ብረቱ ውስጥ ያለው ካርቦን ነው። ባሌስትራ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው፤ ፌሮ ግን አብዛኛውን ጊዜ የዚያን ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ይህች ትንሽ ካርቦን ናት ብረቱ ስለት እንዲይዝ የምታደርገው። ከፌሮ የተሠራ ማጭድ ቶሎ ይዶለዱማል፤ ከባሌስትራ የተሠራው ግን በደንብ ከተያዘ አዝመራውን ይዘልቃል።

«በደንብ ከተያዘ» ያልኩት በምክንያት ነው፤ ጥበቡ ያለው እዚህ ላይ ነውና። አንድ ማጭድ ሲሠራ ጠጋ ብለን እንመልከት።

ረዳቱ ወናፉን ይነፋል። ወናፉ ከፍየል ቆዳ የተሰፋ ጥንድ ከረጢት ነው፤ አንዱ ሲነፋ ሌላው አየር ይሞላል፤ ስለዚህ ነፋሱ አይቋረጥም። ከሰሉም እየጋመ ይሄዳል። ቀጥቃጩ የጋለውን ብረት በጉጠት ይዞ መስፍ ላይ ያኖረዋል፤ በመዶሻ እየመታ ያሳሳዋል፣ ያጎብጠዋል። ብረቱ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ለስላሳ ስለሚሆን ጥርሱን የሚያወጣለት ያኔ ነው። አሮጌ ማጭድም ሲመጣ እንዲሁ ነው፤ ጥርሱ ስላለቀ እንደገና ይወጣለታል። ጥርስ የሚያስፈልገውም የጤፍ አገዳ ቀጭንና የሚያሟልጭ ስለሆነ ነው፤ ጥርሱ ጭብጡን ያዝ አድርጎ ይቆርጠዋል።

አሁን ወሳኙ ሰዓት መጣ። ማጭዱ እንደገና ወደ እሳት ይገባል። ቀጥቃጩ የሙቀት መለኪያ የለውም፤ የሚያነበው ቀለሙን ነው። ጎጆው ጨለም ያለ መሆኑ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ የጋለ ብረት ቀለም አይለይም። ብረቱ ደማቅ ቀይ ሲሆን፣ ማለትም ወደ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ፣ አውጥቶ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። በግለቱ ጊዜ በብረቱ ውስጥ ተሰራጭቶ የነበረው ካርቦን መውጫ ሳያገኝ ባለበት ይታሰራል፤ ብረቱም እጅግ ይጠነክራል። ግን አዲስ ችግር መጣ፦ አሁን ድንጋይ ቢነካ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ውሃ በጣም ፈጥኖ ስለሚያቀዘቅዝ ገና ሲነከር ሊሰነጠቅም ይችላል፤ ለዚህ ነው በተቃጠለ ዘይት የሚነክሩም ያሉት።

መፍትሔው ሦስተኛው ሙቀት ነው፤ ለስለስ ያለ። ማጭዱ ተወልውሎ ከእሳቱ ዳር ይያዛል። የጸዳው ብረት ላይ በ230 ዲግሪ ገደማ ፈዛዛ ቢጫ ይመጣል፤ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ ወደ 300 ዲግሪ ሲጠጋም ሰማያዊ። ቀለሙ በሄደ ቁጥር ጥንካሬው ትንሽ ይቀንሳል፣ ቻይነቱ ይጨምራል። ጎበዝ እጅ የሚፈልገው ቀለም ላይ ሲደርስ ያቆመዋል። መኪና ሠሪ ፋብሪካዎች በመሣሪያ የሚቆጣጠሩትን ሥራ እሱ በዓይኑ ይሠራዋል። እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ይህ ነው!

ይህ ሁሉ ልፋት ዋጋ የሚያገኘው በኅዳር ነው። አንድ ግራም ጤፍ ውስጥ 3000 ገደማ ፍሬ አለ። የዶለዶመ ማጭድ አይቆርጥም፤ ይጎትታል፣ ዛላውን ያራግፋል፤ ያ ደቃቅ ፍሬ አፈር ውስጥ ከገባ ማን ይለቅመዋል? በመስከረም በደንብ የተሳለ ማጭድ ጎተራ የሚገባውን እህል ያበዛል። ቀጥቃጩም ይህን ስለሚያውቅ፣ በብዙ ቦታ ዋጋውን ከአዝመራው በኋላ በእህል ይቀበል ነበር።

እንግዲህ ይህን ያህል የሚጠቅመንን ሰው ምን ስናደርገው ኖርን? ጠይብ፣ ቡዳ እያልን ሰደብነው፤ ጋብቻና ርስት ነፈግነው። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር፤ ስድቡ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። በጎንደር ዙሪያ ብዙ ማረሻና ማጭድ የሠሩት ቤተ እስራኤሎች ናቸው፤ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ ጥበቡም አብሯቸው ሄደ። ስድባችን ያራቀው ሰውን ብቻ አይደለም፤ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ እውቀትንም ነው።

ስለዚህ በዚህ ዓመት ከዮሐንስ እስከ መስቀል ባለው ጊዜ ወደ ገጠር የምትወጡ ከሆነ፣ ቀጥቃጭ ቤት ጎራ በሉ። በበዓሉ ዕለት ሳይሆን በሥራ ቀን ሂዱ። እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረዎ ብላችሁ በአንቱታ ሰላምታ ስጡ። ብረቱ ከምን እንደተገኘ፣ የትኛው ቀለም ላይ እንደሚነክሩት፣ ጥበቡን ከማን እንደተማሩት ጠይቁ። ልጆች ካሏችሁ ይዛችኋቸው ሂዱ፤ ወናፉን እንዲነፉም አስፈቅዱላቸው። የሚያከብረውና የሚጠይቀው ያገኘ ባለሙያ ለልጁም ሙያውን በኩራት ያወርሳል፤ ለሚመጡት አዝመራዎች የሚያስፈልገንም ይኸው ነው።